በጆሮ ለሚማር ምእመን ቃሉን ማስተማር

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጅማ ከተማና በዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎች የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አብረን አቅርበናል፤ ሦስቱም በገጠር ያሉ ምእመናን የእግዚአብሔርን ቃል እንዴት ይማሩ በሚለው ጉዳይ ላይ የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። በጌራ ወረዳ አራት የስብከት ጣቢያዎችን በእግሬ እየዞርሁ የማገለግል ወንጌላዊ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት በሌላ አካባቢ ስለሆነ የምሰብከው በአማርኛ ነው፤ አንድ ወንድም ወደ አፋን ኦሮሞ ይተረጉምልኛል። ምእመናኑ ጸሎት የማይሰለቻቸው፣ መዝሙር የሚወዱ፣ ካላቸውም የማይሰስቱ ናቸው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ካስተማርኋቸው በኋላ ባለፈው ወር አብርሃም ማን እንደ ነበረ ብጠይቅ የመለሰልኝ ከሁለት ሰው አልበለጠም። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። በከተማ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የጻፍኋቸውን ደብተሮች ሁሉ ተጠቅሜ ጨርሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የእነርሱ? ምንስ ላድርግ?
(ወንጌላዊ፣ ከጌራ)

መልስ፦ ውድ ወንድሜ፣ ስለ ጥፋት ከመነጋገራችን በፊት በእኔ የደረሰውን ላጫውትዎ። ከብዙ ዓመታት በፊት በሊሙ ገጠር፣ በአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ውስጥ የሮሜን መልእክት ለአምስት ቀናት አስተምሬ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ተሸክሜ ሄጄ፣ መልእክቱን በርእስና በንኡስ ርእስ ከፋፍዬ፣ ስለ ጽድቅና ስለ ሕግ የማውቀውን ሁሉ አፈሰስሁላቸው። አንድም ሰው ከመቀመጫው ሳይነሣ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። በአምስተኛው ቀን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ አንድ አረጋዊ ሽማግሌ በትሕትና፣ «ልጄ፣ ይህ ያስተማርኸን ጳውሎስ ከሙሴ በፊት የነበረ ነው ወይስ ከሙሴ በኋላ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኒህ ሰው በእምነታቸው ከእኔ የሚያንሱ አልነበሩም፤ በደርግ ዘመን ስለ ጌታ ስም ታስረው የወጡ አባት ናቸው። አእምሯቸውም የተባ ስለነበረ የመንደሩን የመሬት ወሰንና የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ትውልድ በቃላቸው ይናገሩ ነበር። የጎደለው በእርሳቸው ዘንድ ሳይሆን በእኔ ትምህርት ውስጥ ነበር፤ ምሰሶና ማገር ሳላቆም ጣራ ልከድን ሄጄ ነበርና። ሮሜ ምዕራፍ 4 የተመሠረተው በዘፍጥረት ምዕራፍ 15 ላይ ነው፤ የአብርሃምን ታሪክ ያልሰማ ሰው የጳውሎስን ክርክር በምን ሊይዘው ይችላል?

ስለዚህ ጥያቄዎን «ጥፋቱ የማን ነው?» ከሚለው አንሥቼ ትምህርቱ በምን ቋንቋ፣ በምን መንገድና በማን አፍ እየደረሳቸው ነው ወደሚለው ልውሰደው።

ከቋንቋው እንጀምር። ከጅማ ብዙም በማይርቀው በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በተባለው ስፍራ አጠገብ የተወለዱት ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው በባርነት ተሽጠው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡ፤ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረውም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተረጎሙ። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እኔን ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን ሥራው የተሠራበት መንገድ ነው። ኦነሲሞስ ኦሮሞ ሆነው ሳለ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከወገናቸው ተለይተው ስላደጉ የቋንቋው ጓዳ እንደ ጎደላቸው ያውቁ ነበር፤ ይህንም ለመቀበል አላፈሩም። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ከጎናቸው ሆና ቃላትን ሰበሰበችላቸው፤ በልጅነቷ ሰምታ በልቧ የያዘቻቸውን 500 ያህል ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖችም በጽሑፍ አሰፈረች። መጽሐፉ ለሰሚው ጆሮ የሚስማማ ሆኖ የወጣው የተማረው ሰው ዕውቀትና የእርሷ ትውስታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በመገናኘታቸው ነው። ኦሮሞው ተርጓሚ አስቴርን የሚፈልግ ከሆነ ከሌላ አካባቢ የመጣው ወንጌላዊ ያለ እርሷ እንዴት ይዘልቃል?

በመንደሩ የእርስዎን አስቴር ይፈልጉ እላለሁ። እሑድ የሚያስተምሩትን ክፍል ዓርብ ወይም ቅዳሜ ለአንዲት በዕድሜ ለበሰሉ የመንደሩ እናት ቀድመው ይንገሩ፤ እርሳቸውም በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገርዎ። የት ላይ እንደ ተደናቀፉ፣ የትኛው ቃል ሌላ ሐሳብ እንዳመጣባቸው ያን ጊዜ ያስተውላሉ። አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። በአፋን ኦሮሞው መጽሐፍ ቅዱስ ጸጋ የሚለው ቃል «አያና» ተብሎ ተተርጉሟል። በገጠር ግን ይህ ቃል በቃሊቻው ላይ የሚወርደውን መንፈስም ያመለክታል፤ በዓልንም ዕድልንም ያመለክታል። እርስዎ በአማርኛ «በጸጋ ድናችኋል» ሲሉ አስተርጓሚው በትክክል ተርጉሞታል፤ ከቃሊቻ ቤት በቅርቡ የወጣችው እህት ግን ምን እንደ ሰማች ማንም አልጠየቃትም። ቃሉን መቀየር አያስፈልግም፤ ይህ አያና ግብር የማይጠይቅ፣ በግ የማይታረድለት፣ እግዚአብሔር በልጁ በኩል በነጻ የሰጠው መሆኑን በግልጥ ማስረዳት ግን ግድ ነው። እንዲህ ያለው ማብራሪያ ከከተማ በመጣ ደብተር ውስጥ አይገኝም።

በዚህ አጋጣሚ በፍቅር የምናገረውን በፍቅር ይቀበሉኝ፦ ሦስት ዓመት በአንድ ሕዝብ መካከል የኖረ አገልጋይ ቋንቋቸውን መማር አለበት። አስተርጓሚ ለመንገደኛ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ጊዜ ስለሚነገር የአንድ ሰዓት ስብከትዎ የሠላሳ ደቂቃ ትምህርት ብቻ ይሆናል፤ ከዚህም ይልቅ የሚከፋው በመካከል ሊነሣ የሚችለው ጥያቄ በአስተርጓሚው በኩል ማለፍ ስላለበት ሳይነሣ መቅረቱ ነው። በተሰባበረ አፋን ኦሮሞ የተነገረ አንድ ታሪክ ብዙ ጊዜ በተዋበ አማርኛ ከተነገሩ አምስት ስብከቶች ይልቅ ልብ ይገባል፤ አድማጮቹ ራሳቸው ቃሉን እያቃኑ አብረውዎ ያስተምራሉና።

ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ማንበብ አለመቻላቸውን እንደ ግድግዳ አይመልከቱት። ዛሬ የምናነባቸው መልእክታት መጀመሪያ የተጻፉት በጉባኤ መካከል ጮክ ተብለው እንዲነበቡ ነበር፤ ለቈላስይስ ሰዎች የተጻፈው በሎዶቅያም እንዲነበብ ሐዋርያው አዟል፤ የዮሐንስ ራእይም ሲጀምር የሚያነበውንና የሚሰሙትን ለይቶ ይባርካል። በነህምያ ምዕራፍ 8 ሕዝቡ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆሞ የሰማ ሲሆን ሌዋውያኑ ደግሞ የተነበበው እንዲስተዋል ያብራሩለት ነበር። በጆሮ መማር የድሆች ማካካሻ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን የተወለደችበት የመማሪያ መንገድ ነው።

ስለሆነም ለአንድ ዓመት ደብተሮቹን አስቀምጠው ታሪክ ያስተምሩ። ዓመቱ 52 ሳምንታት አሉት፤ የቡና ለቀማው የሚበረታባቸውን ሳምንታትና የበዓላቱን ጊዜ ሲቀንሱ ወደ 40 የሚጠጋ ይቀርዎታል። ከፍጥረት ጀምረው፣ በአብርሃም፣ በዮሴፍ፣ በሙሴና በዳዊት በኩል አልፈው፣ በነቢያት በኩል ወደ ጌታ ልደት፣ ሞትና ትንሣኤ፣ ከዚያም እስከ ሐዋርያት ሥራ ድረስ 40 ታሪኮችን በቅደም ተከተል ይምረጡ። በአንድ እሑድ አንድ ታሪክ ብቻ ይንገሩ። ታሪኩን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ከነገሩ በኋላ ከአድማጮቹ አንዱ ደግሞ ይናገረው፤ የሳተውን ጉባኤው ያቃናው። ከዚያ ስለ እግዚአብሔር ምን ተማርን፣ ስለ ሰው ምን ተማርን፣ በዚህ ሳምንት በቤታችንና በእርሻችን ምን እናድርግ ብለው ይጠይቁ። በሚቀጥለው እሑድ አዲሱን ከመጀመርዎ በፊት ያለፈውን ሁልጊዜ ያስደግሙ። መጀመሪያ ላይ አካሄዱ አዝጋሚ መስሎ ይታይዎታል፤ ሰባኪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካልሰበከ ያገለገለ የማይመስላቸው ሽማግሌዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። ይታገሡ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሊጣመም ይችላል። ለዚህ ዘብ የሚሆኑልን ልጆቻችን ናቸው። በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ልጆች አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በላቲኑ ፊደል በቁቤ ማንበብ ስለሚማሩ አያቱ የማይችለውን የአራተኛ ክፍል ልጅ አጥርቶ ያነባል። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር አንድ ልጅ ተነሥቶ ያንኑ ክፍል ከመጽሐፉ ያንብብ፤ ጉባኤውም እንደ ቤርያ ሰዎች የተነገረውን ከተጻፈው ጋር ያስተያይ። ይህን የጀመረች አንዲት ጣቢያ አውቃለሁ፤ እዚያ ልጆቹ ከጉባኤው ውጭ መጫወታቸውን ትተው ተራቸውን የሚጠብቁ ሆነዋል። በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ቅዱስም በስልክ ሚሞሪ ካርድ በቀላሉ ይገለበጣል፤ እናቶች በማስጫው አልጋ ላይ ቡና ሲለቅሙ እየሰሙት መዋል ይችላሉ።

ስለ ጊዜም ጥቂት ልበል። ብዙ ኮርሶች የሚዘጋጁት የአስተማሪውን ቀን መቁጠሪያ ተመልክቶ ነው። በጅማ ዙሪያ በጥቅምትና በኅዳር ቤተሰቡ በሙሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ በቆሎው ሲያፈራ ደግሞ ከዝንጀሮና ከአሳማ ለመጠበቅ አባወራው ሌሊቱን በማማ ላይ ያድራል። በእነዚህ ወራት «ምእመናን ለቃሉ ጥማት የላቸውም» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። የሁለትና የሦስት ቀን ኮርስ ማዘጋጀት ከፈለጉ ቡናው ደርቆ ከተሸጠ በኋላ፣ በየካቲትና በመጋቢት ያድርጉት።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚከብደኝ ነጥብ ደረስሁ። አራት ጣቢያ ካለዎት እያንዳንዱ ጣቢያ እርስዎን የሚያየው በወር አንድ እሑድ ነው ማለት ነው። በቀሩት ሦስት እሑዶች ማን ያስተምራል? ከደብዳቤዎ እንደ ተረዳሁት መዝሙርና ጸሎት ብቻ ይሆናል። የትምህርቱ ማነስ ዋና ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ማንም ሰው በወር አንድ ጊዜ የሰማውን ይዞ ሊያድግ አይችልም። ስለዚህ ከየጣቢያው ሁለት ሁለት ታማኝ ሰዎችን፣ በአጠቃላይ ስምንት ሰዎችን ይምረጡ። ማንበብ መቻላቸው ቢረዳም ግዴታ አይሁን፤ በጎረቤት ዘንድ መታመናቸውና ማስታወስ መቻላቸው ይበልጣል። ሁሉም በሳምንት አንድ ቀን ወደ ገበያ መውጣታቸው አይቀርምና በገበያው ቀን ከገበያው አቅራቢያ በአንድ ምእመን ቤት ሰብስበው የሳምንቱን ታሪክ ለስምንቱ ያስተምሩ፤ እያንዳንዳቸውም እስኪይዙት ድረስ ያስደግሙ። እሑድ በአራቱም ጣቢያዎች ያው ታሪክ ይነገራል፤ እርስዎም በተራዎ በአንዱ ጣቢያ ተቀምጠው አዳማጭ ይሁኑ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የሰማውን ለታመኑ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ፣ እነርሱም ሌሎችን እንዲያስተምሩ የጻፈለት ይህንኑ ነው።

ይህ በገዛ ምድራችን ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በሐኪሙ በቶማስ ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተነሣው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን የታቀደው መድረሻው ጅማ ነበር። በጉዞው ላይ ግን አቅጣጫው ተለውጦ በከምባታና ሐድያ፣ በወላይታና በሲዳማ ሰፈረ። በወላይታ ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ፤ በወላይትኛ በእጃቸው የነበረውም የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌሎች ክፍሎች ነበሩ። ከወረራው በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት የምእመናን ቍጥር ወደ 10,000 እንደ ደረሰ ተመዝግቧል። በእነዚያ ዓመታት ያስተማሩት፣ የታሰሩትና የተገረፉትም በአብዛኛው ብዙ ያልተማሩ ገበሬዎች ነበሩ። በእጃቸው የነበረው ትንሽ ቢሆንም ያን ትንሽ አጥብቀው ያውቁት ነበር፤ ያወቁትንም ለጎረቤት ተናገሩ። እርስዎ በጌራ ያሉዎት ስምንት ሰዎች ከእነዚያ አያንሱም።

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የምማር ወጣት ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በየክረምቱ ለአንድ ሳምንት ወደ ገጠር ለወንጌል ጉዞ እንሄዳለን። ባለፈው ጉዞ ብዙ ሰዎች እጃቸውን አንሥተው ጌታን ተቀብለው ነበር፤ በቅርቡ ደውለን ስንጠይቅ ግን አብዛኞቹ በጉባኤ እንደማይታዩ ተነገረን። በጣም አዝነናል። ጉዞውን እናቁም?
(ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ልጄ፣ ማዘንህ ራሱ የመልካም እረኛ ምልክት ነው፤ ብዙዎች የተነሡትን እጆች ቈጥረው ሪፖርት ከጻፉ በኋላ መልሰው አይጠይቁም። ጉዞውን አታቁሙ፤ አካሄዱን ግን ለውጡ።

በመጀመሪያ በየዓመቱ አዲስ ቀበሌ መፈለጋችሁን ትታችሁ ወደ አንድ ስፍራ ቢያንስ ለአራትና ለአምስት ዓመት ተመላለሱ። ከመሄዳችሁ በፊት የአጥቢያውን ሽማግሌዎች «ምን እያስተማራችሁ ነው? የቱን እናግዛችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እነርሱ የጀመሩትን ትምህርት አጠናክሩ እንጂ ሌላ አትጀምሩ። አዲስ ያመነ ሰው ሲገኝ በዚያው ዕለት ከሁለት የመንደሩ ምእመናን ጋር በስምና በፊት አስተዋውቁት። እናንተ ስትመለሱ አብረውት ውኃ የሚቀዱትና እህል የሚወቁት እነርሱ ናቸውና። የሴሚስተር እረፍታችሁ ከቡናው በኋላ የሚውል ከሆነ ከክረምቱ ይልቅ ያን ጊዜ ብትመርጡ ለእናንተም ለእነርሱም ይቀላል።

ሁለተኛው ምክሬ ጠንከር ያለ ነው። ሞንታርቦውን ከተማ ተዉት። በጅማ ዙሪያ ባለ ገጠር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፣ በአንድ ገበያ ይሸጣሉ፣ ቀብር ይቀባበራሉ፣ በደቦም አብረው ያርሳሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነት የተደነገገው ለእኛም ለእነርሱም ነው። የጎረቤትን እምነት እያነሡ በድምፅ ማጉያ መንቀፍ ወንጌልን መመስከር አይደለም፤ እናንተ በሳምንቱ መኪና ተሳፍራችሁ ትመለሳላችሁ፣ የተናገራችሁትን ዋጋ የሚከፍለው ግን እዚያ የሚቀረው አዲስ አማኝ ነው። ምናልባት ከጉባኤ ከጠፉት መካከል በዚህ ምክንያት ከቤተሰባቸው የተጋጩ ይኖሩ እንደሆነ ሽማግሌዎቹን በጥንቃቄ ጠይቁ። ካሉም በሚቀጥለው ጉዞ ከስብከት በፊት የእነዚያን ቤተሰቦች ደጅ አንኳኩ፤ ይቅርታ የሚያስፈልግ ከሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በደዶ ወረዳ የአንዲት ትንሽ አጥቢያ የሴቶች ኅብረት መሪ ነኝ። የተማርሁት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። ለአገልጋዮች የሚሰጠው ኮርስ ሁልጊዜ በከተማ ለሁለት ሳምንት ስለሚሆን ልጆቼንና ላሜን ትቼ መሄድ አልችልም፤ ባለቤቴም ገና አላመነም። ሳልማር ሌሎችን ማስተማር ይገባኛል?
(እናት፣ ከደዶ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልናፍር የሚገባን እርስዎን የማያካትት ኮርስ የምናዘጋጅ እኛ ነን። ይህን የሚያነቡ የአጥቢያ መሪዎችንም እለምናለሁ፦ ሁለት ሳምንት በከተማ ከሚደረግ ኮርስ በመንደሩ ለአራት ቀናት ከሰዓት በኋላ የሚደረግ ትምህርት ለእንደነዚህ ያሉ እናቶች ይበልጣል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። ጢሞቴዎስን ከሕፃንነቱ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያሳወቁት ቤተሰቦቹ ነበሩ፤ ጳውሎስም የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት በስም ጠርቶ ያመሰግናል። በመጻሕፍት እውቀት ብርቱ የነበረውን አጵሎስን ወስደው የጌታን መንገድ በትክክል ከገለጡለት ሁለት ሰዎች አንዷ ጵርስቅላ ነበረች። ስለዚህ ጥያቄዎ ይገባኛል ወይ የሚል አይሁን፤ በምን ልጀምር የሚል ይሁን።

በቡናው ይጀምሩ። ጎረቤት እናቶች ቡና ሊጠጡ ሲመጡ በአቦሉ አንድ አጭር ታሪክ ይንገሩ፤ በቶናው ከእነርሱ አንዷ ደግማ ትንገረው፤ በበረካው ስለ ሰማችሁት ተነጋግራችሁ ጸልዩ። ልጅዎ ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ ክፍሉን ቀድሞ ያንብብልዎ፤ እስኪይዙትም ሁለት ሦስት ጊዜ ያስደግሙት። ይህን ሁሉ ባለቤትዎ እያወቁ ያድርጉት፤ በስውር የተደረገ ነገር ጥርጣሬ ያመጣል፤ ደጁ ክፍት ሆኖ የሚደረገውን ግን እርሳቸውም ከውጭ ሆነው ይሰሙታል። ለመጀመሪያው ወር የሩትን ታሪክ ይምረጡ፤ አራት ምዕራፍ ስለሆነ በሳምንት አንድ አንድ ይደርስዎታል፤ የባልቴት ኀዘንንም ሆነ ከአጫጆች ኋላ መቃረምን ለደዶ እናቶች ማስረዳት አያስፈልግዎትም።